ክርስቲያን የዕዳውን መዝገብ ሊመረምር ይገባዋልን?

ከላስታ ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ የንስሐ አባት ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ እኛ መጥተው አንድ ጥያቄ ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ከመቅደሱ ይልቅ ለገንዘብ ቤት የቀረበ ስለሚመስል ከእናንተ አንዳንዱ «ይህ ነገር ለመንፈሳዊ መጽሔት ምን ይሆነዋል?» ይል ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንደዚሁ ብለን ነበር። ነገሩን ደጋግመን ባሰብነው ጊዜ ግን የሐሰት ምስክርነትንና የትሕትናን፥ የምሕረትንና የእውነትን ነገር በአንድነት የያዘ ሆኖ ስላገኘነው ለብቻችን ልንይዘው አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኚህ አባት የንስሐ ልጆች አንዱ በላሊበላ ከተማ አምስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነበረው። በ2011 ዓ.ም. ቤቱን ለማደስ ከአንድ የገንዘብ ተቋም ተበደረ፤ በየዓመቱ ለልደት በዓል የሚመጡትን ምእመናንና ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ጎብኚዎች ተስፋ አድርጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ ከተማዪቱም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ፥ መብራት ጠፍቶ ባንክም ተዘግቶ፥ ሰው ያለውን እህል እየተካፈለ ከረመ። ይህ ሰው በእነዚያ ወራት ከገጠር ለሸሹ ቤተሰቦች ክፍሎቹን ያለ ኪራይ ሰጥቶ ነበር። ዕዳውን ግን አልረሳውም። ባንኩ በተከፈተ ጊዜ በአዲስ አበባ ካለው ወንድሙ ርዳታ ተቀብሎ፥ የበቅሎውንም ዋጋ ጨምሮ፥ ከነወለዱ ከፍሎ ጨረሰ።

ከዚህ በኋላ ባሏ የሞተባት እኅቱ በሬ ለመግዛት ብድር ፈለገችና እርሱን ዋስ ጠራች። የተቋሙ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ አይቶ «ያልተከፈለ ዕዳ አለብዎ፤ ዋስ ሊሆኑ አይችሉም» አለው። ሰውዬው አንዳች ሳይመልስ ወጣ። የንስሐ አባቱም ይህን በሰሙ ጊዜ «ልጄ፥ ከፍዬ ጨርሻለሁ ብለኸኝ አልነበረምን? ደረሰኙን ይዘህ ስለ ምን አትሄድም?» ቢሉት፥ «አባቴ፥ መክፈሌን እግዚአብሔር ያውቃል። ሰው የጻፈውን እየተከተልሁ ስሜን ላጸዳ ብሮጥ ውዳሴ ከንቱ መሻት አይሆንብኝምን? የሐሰት ስም መሸከምም በረከት አለው» ብሎ መለሰላቸው።

እኚህ አባት በዚህ መልስ ግራ ተጋብተው ነበር። የሰውዬው ቃል ከመነኮሳት ዜና የተቀዳ ይመስላል፤ ያላደረጉትን በደል አደረጋችሁ ሲባሉ ዝም ብለው የተሸከሙ ቅዱሳን ብዙዎች ናቸውና። ነገር ግን ልባቸው አልተቀበለውም። «ይህ ትሕትና ነውን? ወይስ ስንፍና ቆብ ደፍቶ የመጣ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት እንድንችል አስቀድሞ ስለ መዝገብ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን መዝገብን የናቁ አልነበሩም። በዘመነ ዛጔ ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ ለአድባራት የሰጠው ርስት በወንጌል መጽሐፍ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ያለው ወንጌለ ወርቅ ለዚህ ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ጽሕፈት የምስክሮችን ስም ይዞ፥ ቃሉን በሚለውጥ ላይ ግዝት አክሎ ይጻፍ ነበር። ወንጌል በሚነበብበት መጽሐፍ የመሬት ውል መጻፉ ለአንዳንድ የዛሬ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለዋል። አባቶች ግን በሰውና በሰው መካከል ያለ እውነት እግዚአብሔር ከሚያየው እውነት ተለይቶ እንዲቀመጥ አልፈለጉም፤ መዝገቡን የሚያበላሽ ሰው በደብተራው ላይ ብቻ ሳይሆን በመሠዊያው ላይ እንደ በደለ ይቈጥሩት ነበር።

ከብራና በቀር ሌላም መዝገብ ነበረ። የላስታ ገበሬ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ከጎረቤቱ ገብስ ተበድሮ በመኸር ሲመልስ የኖረው በማተቡ ነው። «እገሌ ባለ ማተብ ነው» ማለት የሰውዬው ቃል ይታመናል ማለት ነበር። በእቁብም ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይቀር ዋስ ይጠራል፤ ዳኛውም ማን ማንን ዋስ ሆኖ እንደ ነበር፥ ማንስ አጉድሎ እንደ ነበር በቃሉ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ቁራኛ ነበር፤ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው እየበሉ፥ አብረው እያደሩ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ከቀረ ዘመን የለውም ብለን ደስ እንዳይለን፤ በዛሬው መዝገብ ስሙ የተበላሸ ሰው ሰንሰለቱ ባይታይም የሚጎትተው አለ።

የዛሬው መዝገብ እንዴት እንደ ሆነ ካህናት ልናውቀው ይገባል፤ የንስሐ ልጆቻችን በእርሱ ይጨነቃሉና። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ መሠረት የተበዳሪዎችን መረጃ በአንድ ቦታ የሚሰበስብ ማእከል አለው። ባንኮች ያበደሩትን፥ የተመለሰላቸውንና ያልተመለሰላቸውን ለዚህ ማእከል ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸውም አስቀድሞ የጠያቂውን ታሪክ ከዚያ ያያሉ። ኋላም አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማት ወደዚሁ ሥርዓት እንዲገቡ ተደርጓል። በአማራ ገጠር ብዙ ሰው የሚያውቀው አብቁተ፥ ማለት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። አብቁተ ለገበሬው ሲያበድር መያዣ የሚሆን ቤትና ንብረት የሌላቸውን አምስት፥ ስድስት፥ ሰባት ሆነው በቡድን እርስ በርሳቸው ዋስ እንዲሆኑ ያደርግ ነበር። ይህን የቡድን ዋስትና አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

ወጣቶቻችንም በዚህ ውስጥ ገብተዋል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 «መላ» የሚባል ብድር ከጀመረ ወዲህ፥ ያለ ዋስና ያለ መያዣ በእጅ ስልክ ብቻ ገንዘብ መበደር ተችሏል። ማን ይበደር፥ ምን ያህልስ ይበደር የሚለውን የሚወስነው ሰውዬው ስልኩንና ገንዘቡን ሲጠቀም የኖረበት ልማድ ነው። ከአብነት ተማሪዎቻችን አንዱ ለጫማ መግዣ ጥቂት ብር በስልኩ ተበድሮ መክፈያው ቀን ሲያልፍ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ትቷት እንደ ነበር ሰምተናል። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ተጽፋለች።

እንግዲህ ይህ መዝገብ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር አለ። የሚያውቀው ቀኑንና ገንዘቡን ነው። በባንኮቻችን ሥርዓት አንድ ብድር መክፈያው ካለፈ ዘጠና ቀን ሲሞላው ከጤናማ ብድሮች ተራ ይወጣል፤ ከዚያም ቀኑ በረዘመ መጠን ደረጃው ይወርዳል። ሰውዬው ሳይከፍል የቀረው ገንዘቡን በመሸታ ቤት ስላጠፋ ይሁን ወይም ከተማው በጦርነት ስለ ተከበበ ይሁን ቍጥሩ አይናገርም። ዘጠና ቀን ዘጠና ቀን ነው። ገንዘብ እያለው ያልከፈለው ሰውና ስደተኛ ያሳደረው ሰው በአንድ ዐምድ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

ይህን ያየ ሰው መዝገቡን ሊጠላው ይችላል። እኛ ግን አንጠላውም። መዝገብ ምክንያትን መጻፍ ቢጀምር ምክንያት የሌለው ባለ ዕዳ ስለማይገኝ መዝገቡ የልቅሶ ደብተር ይሆን ነበር። ቀለሙ እውነቱን ብቻ ይያዝ፤ ምሕረት ማድረግ የሚገባው መዝገቡን አንብቦ የሚፈርደው ሰው ነው። የብድር ሹም ወንበር ላይ የተቀመጡ ክርስቲያኖች ብዙዎች ናቸውና ይህን ለእነርሱ እንላለን፤ የቍጥሩን ታሪክ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዐሥር ሺህ መክሊት ተትቶለት ሳለ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ያነቀው የማቴዎስ ወንጌል አገልጋይ ያጠፋው ዕዳ ስለ ጠየቀ ብቻ አልነበረም፤ ታገሠኝ ያለውን ሰው ድምፅ ሳይሰማ ስላለፈ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ ጥቂት ቀደም ብሎ ከራሱ አፍ የወጣ ነበር።

አሁን ወደዚያ ሰው መልስ እንምጣ። «እግዚአብሔር ያውቀኛል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ዳሩ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ድኾች ርዳታ ሲያሰባስብ ምን እንዳደረገ እናስብ። ልቡ ንጹሕ መሆኑን ጌታ እንደሚያውቅ ሳይጠራጠር፥ ገንዘቡን ለብቻው አልያዘም። ቲቶን፥ ከእርሱም ጋራ በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ በገንዘቡ ነገር ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት በሰውም ፊት ንጹሕ ሆኖ ለመታየት እንደሚጠነቀቅ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው። ሐዋርያው ይህን ያደረገው ክብር ፈልጎ አይደለም፤ ስሙ ቢነቀፍ የሚራበው በኢየሩሳሌም ያለው ድኻ ስለ ሆነ ነው።

የዚህም ነገር መክፈቻ እዚያ ላይ ይመስለናል። ያላደረገውን በደል ተሸክሞ ዝም ያለው ባሕታዊ ሸክሙን የተሸከመው በራሱ ጫንቃ ነው፤ ዝምታው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነበር። ይህ የላሊበላ ሰው ዝም ባለ ጊዜ ግን የተጎዳችው እኅቱ ናት። በሬ ያልገዛችው እርሷ ናት፤ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል የሰጠችው እርሷ ናት። በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ የተጫነን መስቀል «እኔ ተሸከምሁት» ማለት አይቻልም። በቡድን ዋስትና ውስጥ ያሉትን ሰባት ሰዎች አስቡ፤ የአንዱ መዝገብ ሲበላሽ ስድስቱ ይታሰራሉ፤ አንዱ የራሱን መዝገብ ሳያይ ዓመታት ቢያሳልፍ ስድስቱን ጭምር ሳያይ ቀረ ማለት ነው። ባልም ቢሆን የሚስቱ፥ አባትም ቢሆን የልጆቹ ስም ከእርሱ ስም ጋራ ተያይዞ ይሄዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ሰውዬው ቢሞት እንኳ ስሙን ይዘው የሚቀሩ አሉ።

ደግሞም ነገሩ ከሐሰት ምስክርነት ትእዛዝ ጋራ ይገናኛል። ሐሰት በመዝገብ ላይ ተጽፎ ሳለ፥ ማረም የሚችለው ሰው ዐውቆ ቢተወው፥ ጸሐፊው ሳያውቅ የጀመረውን ሐሰት ባለቤቱ ዐውቆ አጸናው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው በራሱ ላይ ሐሰት መመስከር ኀጢአት አይመስለውም። እውነት ግን የእግዚአብሔር ናት እንጂ የእኛ አይደለችም፤ በራሳችን ላይ ሲሆን የምንሸልማት፥ በሌላው ላይ ሲሆን የምንጠብቃት ገንዘባችን አይደለችም።

ለእኚያ አባት ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «እኔ ግን ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ፤ ልጄ ያፍራል» አሉን። እውነታቸውን ነው ብለን እናምናለን፤ ይህ ጥርጣሬያቸው ከእኛ ትምህርት ሁሉ የበለጠ መስሎናል። የንስሐ አባት የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ኀጢአቱን የሚክድ ሰው ጥቂት ነው፤ ሊያየው የማይደፍር ግን ብዙ ነው። ሰባት ዓመት ንስሐ ሳይገባ የቆየ ሰው ለምን ዘገየህ ሲባል «ሥራ በዛብኝ» ይላል። የባለ ዕዳም ጠባይ እንዲሁ ነው። ከባንኩ ደጅ ሲያልፍ መንገድ ይለውጣል፤ የማያውቀው ቍጥር ሲደውል ስልኩን አያነሣም፤ ከፍሎ ከጨረሰም በኋላ ያ ፍርሃት በእግሩ ላይ ይቀራል። ይህ ሰው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ያን መንገድ መለወጥ ተምሮ ነበር። ኋላም ፍርሃቱ በትሕትና ስም ተጠመቀ። ሰው ድካሙን በበጎ ስም መጥራቱ የተለመደ ነገር ነውና በዚህ እርሱን አንፈርድበትም፤ እኛም ለደብዳቤ መልስ ሳንሰጥ ስንቀር «ዝምታ ይሻላል» ስንል እንኖራለን።

እንግዲህ መዝገቡን ሊመረምር የሚሻ ክርስቲያን ምን ያድርግ? ነገሩ ቀላል ነው። ወደ አበደረው ተቋም ሄዶ ስለ እርሱ ምን እንደ ተጻፈ ይጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና ስሕተት ቢኖርበት እንዲታረምለት መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሲጠይቅ እንደ ለማኝ አይቁም። ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን ይመልከት። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ በራሳችን፥ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን። በላስታ ደግሞ ገብረ መስቀል የንጉሡ የላሊበላ ስመ መንግሥት ነበርና በዚህ ስም የሚጠራው ብዙ ነው፤ የአንዱ ገብረ መስቀል ዕዳ በሌላው ገብረ መስቀል ላይ ቢጻፍ አይደንቅም። ኀይሉን በሃሌታ «ሀ» አንዱ፥ በብዙኃን «ኀ» ሌላው ሲጽፈው፥ በላቲን ፊደል ሲገለበጥም ደግሞ በሌላ መልክ ሲወጣ፥ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፋይዳ መታወቂያ ቍጥር የመጣው ይህን የመሰለውን መደባለቅ ለመከላከል ጭምር ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው፤ ያልተበደሩት ዕዳ።

ቀጥሎም የተከፈለው እንደ ተከፈለ መጻፉን ይይ። ደረሰኝ የሚጣል ወረቀት አይደለም፤ ከልጆች የክርስትና ምስክር ወረቀት ጋራ በአንድ ሣጥን ሊቀመጥ ይገባዋል። ዕዳው ሲያልቅም ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጥ ደብዳቤ በማኅተም ይቀበል። ስሕተት ቢያገኝ በቃል ተናግሮ አይመለስ፤ በጽሑፍ ያመልክት፥ የማመልከቻውንም ግልባጭ ያስቀር። ገና ዕዳ ያለበትና መክፈል ያልቻለ ሰው ደግሞ ቀኑ ከማለፉ በፊት ሄዶ ይናገር። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ምክንያት ማመካኛ ይመስላል፤ ከቀኑ በፊት የሚሰጥ ግን ምክክር ነው፤ መክፈያው ጊዜ የሚራዘምበትም መንገድ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

ዋስ የሚሆን ሰውም የሚፈርመውን ይወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጥ ካልተነገረ በግምት እንዳይያዝ፥ ዋሱም እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚዋስ በውሉ ካልተወሰነ ውሉ ዋጋ እንዳይኖረው ደንግጓል። ብዙ ሰው ግን «ወንድሜ ነው» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። በዚህ ላይ አንድ የግል ነገር እንጨምር። የኛ ጠያቂ አባት ሴቲቱን አዝነውላት «እኔው ዋስ እሆናታለሁ» ለማለት ተቃርበው ነበር። በሐዋርያት ስም በሚጠሩት ቀኖናት ካህን ዋስ እንዳይሆን የሚከለክል ቃል አለ፤ ይህን አስታወስናቸው። እርሳቸውም «ታዲያ ጳውሎስ ለአናሲሞስ ዕዳ ለፊልሞና አልተዋሰምን?» አሉን። በእርግጥም ሐዋርያው ያ ባሪያ የጎዳው ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ በገዛ እጁ ጽፎለታል። ቀኖናው የሚከለክለው በዓለም ንግድ መጠላለፍን ነው፤ ጳውሎስ ያደረገው ደግሞ ባሪያንና ጌታን ማስታረቅ ነው ብለን ለመመለስ ሞከርን፤ በሙሉ ልብ ግን አልነበረም። ስለዚህ ነገር ሊቃውንት ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ስምን ስለ ማሻሻል ሲነገር ደግሞ አንድ ክፉ መንገድ አለና ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። ለሠራተኛ ጉቦ ሰጥቶ መዝገብ የሚያስፍቅ አለ። በሚስቱ ወይም በልጁ ስም ተበድሮ የራሱን ስም የሚያስውብ አለ። ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው እየከፈለ ቀኑን ብቻ የሚጠብቅም አለ፤ ይህ ሰው መዝገቡ ነጭ ነው፤ ዕዳው ግን በየወሩ ይወፍራል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በአራጣ አበዳሪ እጅ ወድቆ ለባንክ ንጹሕ የሚመስለው ነው፤ የአራጣው ዕዳ በየትም መዝገብ አይገኝምና። ጌታችን ስለ ጽዋው ውጭና ውስጥ የተናገረው ለእንዲህ ያለው ሰው ይስማማል።

አንዳንድ ሰው የሉቃስ ወንጌልን መጋቢ ጠቅሶ «እርሱ እኮ የባለ ዕዳዎቹን ደብዳቤ ከመቶ ወደ አምሳ ለውጦ ተመሰገነ» ሲል ሰምተናል። የተመሰገነው ለነገው በማሰቡ ነው እንጂ ደብዳቤውን በማበላሸቱ አይደለም፤ ዓመፀኛ የተባለውም በዚሁ ነው። ዕዳ በእውነት እንዴት እንደሚደመሰስ ልናውቅ ብንወድ ላሊበላ ራሷ ታስተምረናለች። አባቶቻችን በትርጓሜያቸው እንደሚያስተምሩን ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን አስጨንቆ ባሮቹ እንደ ሆኑ የሚናገር የዕዳ ደብዳቤ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፥ ሁለተኛውን በሲኦል አኖረው። ጌታችን በጥምቀቱ በዮርዳኖስ ያለውን፥ በሞቱም ወደ ሲኦል ወርዶ በዚያ ያለውን ደመሰሰው። በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለው ወራጅ ዮርዳኖስ በመባሉ፥ የላሊበላ ሰው ይህን ታሪክ በየቀኑ ያልፍበታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጌታ ደብዳቤውን በሌሊት ሰርቆ አልቀደደውም፤ አልተጻፈም ብሎም አልካደም። በአደባባይ ወርዶ፥ ዋጋውን ከፍሎ ደመሰሰው። ከፍሎ ማስደምሰስና ሳይከፍሉ ማስፈቅ በወረቀቱ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ባዶ ቦታ ይተዋሉና።

የተከፈለውስ ዕዳ እስከ መቼ ይታሰባል? በዚህ ነገር ከአሜሪካ ሕግ አንድ ነገር አስደንቆናል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ሳይከፈል የዘገየ ዕዳና ይህን የመሰለው ክፉ ማስታወሻ በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በኋላ በመዝገብ እንዳይነገር ይከለክላል፤ ኪሣራ የታወጀበት ሰው ግን እስከ ዐሥር ዓመት ይቆይበታል። ኢኩዊፋክስ፥ ኤክስፔርያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት መዝገብ ያዦች ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ መዝገቡን በየዓመቱ ያለ ዋጋ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ሲከራዩ እንኳ ይህ መዝገብ ስለሚታይ ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሰባት ዓመት መባሉን ባየን ጊዜ ኦሪት ዘዳግም በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ያዘዘውን አስታወስን። ሕግ አውጪዎቹ ከሙሴ ወሰዱት አንልም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ጥፋቱ የሚረሳበት ቀን ያስፈልገዋል የሚለው አሳብ ያለ መጨረሻ ከሚጽፍ መዝገብ የተሻለ ነው። በአገራችንም መዝገቡ ገና እየሰፋ ያለ ነውና፥ በወረርሽኝና በጦርነት ዘመን የወደቁ ሰዎች ውድቀታቸው እስከ መቼ እንደሚነገርባቸው ሥርዓት የሚያወጡ ሰዎች ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው። በዚህ ወራት እንኳ የሰሜን ወሎ ሰው ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምን ያህል መክፈያ ቀን እንዳለፈው ለመገመት አያዳግትም።

እኚያ የንስሐ አባት ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤ ላኩልን። ልጃቸውን «ደረሰኙን አምጣና አብረን እንሂድ» ብለው እንደ ገሠጹት፥ ሰውዬውም ሦስት ቀን ፈልጎ ደረሰኙን ከእናቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ እንዳገኘው ጻፉልን። ሁለቱም በአንድነት ወደ ተቋሙ ሄደው፥ እርሳቸው መስቀላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ሳሉ፥ ሰውዬው ማመልከቻውን ሰጠ። ሠራተኛው መዝገቡን ሲመለከት ክፍያው ገንዘቡ በተቀበለው ቅርንጫፍ ተጽፎ ወደ ዋናው መዝገብ ሳይተላለፍ መቅረቱን አየና ይቅርታ ጠየቀ። እስኪታረም ግን ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል አለ። እኅቲቱ ያን ያህል አልጠበቀችም፤ የእርሻው ወራት ስለ ደረሰባት ያለቻትን አንዲት ጊደር በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከዋጋዋ በታች ሸጣ፥ በዚያ ገንዘብ የሰው በሬ ተከራይታ ገብሷን ዘርታለች።